የሞተው ሮቦቱ ነው ወይስ ገመዱ?

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ አካባቢ ያለ አንድ የተማሪዎች የሮቦቲክስ ክበብ የጫማ ካርቶን ሙሉ ገመድ አስታቀፈኝ። ካርቶኑ ላይ በማርከር «የማይሠራ» ተብሎ ተጽፏል። ገመዶቹ መሀል ሁለት ሞተርና አንድ ዳሳሽ (ሴንሰር) ተቀብረዋል። እነሱም «ሞተዋል» ተብለው ነው የመጡት።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ፈተሽኳቸው። ሞተሮቹ ምንም አልሆኑም። ዳሳሹም ጤነኛ ነው። ችግሩ የተሰኩበት ገመድ ነበር። እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልሞተም። ከስድስት ሽቦዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ናቸው የተበጠሱት፤ ያውም ከጫፉ ጣት በማይሞላ ርቀት ላይ።

እኔ ሬዲዮና ስልክ ጠግኜ ነው የምኖረው። ሮቦት መገንባት አልችልም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ግን ልጆቹ «ጋሼ ኬብል» ይሉኛል፤ ስሙም ተመችቶኛል። እዚህ የምጽፈው ከዚያ ካርቶን የተማርኩትን ነው። ክበብ ለምትመሩ መምህራን፣ የሮቦት መገጣጠሚያ ኪት ቤት ውስጥ ላላችሁ ወላጆች፣ የመበየጃ ካውያ ለመያዝ እጃችሁ ለሚበላችሁ ተማሪዎች።

ከሁሉም ያስቸገረኝ ግን የካርቶኑ ገመድ አይደለም። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሮቦቷን ታቅፋ መጣችና «ጋሼ፣ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል፣ ዳገት ላይ ሲደርስ ይቆማል» አለችኝ። ባትሪ ቀይረዋል። ፕሮግራሙንም ሦስት ጊዜ ጽፈውታል። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ስድስት ሽቦ ለምን?

የቤታችን አምፖል ሁለት ሽቦ ይበቃዋል። አንዱ ያመጣል፣ ሌላው ይመልሳል። የሮቦት ገመድ ግን ብዙ ጊዜ ስድስት ሽቦ ነው። ለምሳሌ የማነሳው ካርቶኑን የሞላውን የሌጎ ማይንድስቶርምስ ኢቪ3 ገመድ ነው። ኢቪ3 እ.ኤ.አ. በ2013 ነው የወጣው። ከእሱ በፊት የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ኤንኤክስቲም የሚጠቀመው ይህንኑ ገመድ ነው። ኩባንያው የማይንድስቶርምስን ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ዘግቶታል። ስለዚህ ያለንን ገመድ መንከባከብ ግድ ነው።

ገመዱን ብትልጡት ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሽቦ ታገኛላችሁ። ሁልጊዜ በዚሁ ቅደም ተከተል። ሞተር ላይ ሲሰካ ነጭና ጥቁሩ ሞተሩን የሚያሽከረክረውን ጉልበት ያደርሳሉ። ቀይና አረንጓዴው ሞተሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ቆጣሪ ይመግባሉ። ቢጫና ሰማያዊው ደግሞ ቆጣሪዋ ያየችውን ወደ ሮቦቱ አእምሮ ይመልሳሉ። ይህን አእምሮ ያለበትን ሳጥን ልጆቹ ብሪክ ይሉታል፤ እኔም እንደነሱ ልበለው።

ለልጆቹ ያስረዳኋቸው በሚኒባስ ታክሲ ነው። ነጭና ጥቁሩ ነዳጅ ነው። ቢጫና ሰማያዊው ወያላው ነው። ወያላው «ወራጅ አለ!» ካላለ ሾፌሩ ፒያሳን አልፎ ይነዳል። ሮቦቱም እንደዚያው ነው። «አንድ ዙር ዞረህ ቁም» ብላችሁት መዞሩን የሚነግረው ከጠፋ እየዞረ ይቀራል። ልጆቹ «ፕሮግራሙ ተበላሸ» ይላሉ። ፕሮግራሙ ምንም አልሆነም፤ የጠፋው ወያላው ነው።

ይህ ከገባችሁ የትኛው ሽቦ እንደተበጠሰ ሮቦቱ ራሱ ይነግራችኋል። ብሪኩ ላይ በየቀዳዳው የተሰካውን ነገር ንባብ የሚያሳይ ገጽ አለ። ሞተሩን ሰክታችሁ በእጃችሁ አዙሩት። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ቆጣሪዋና አራቱ ሽቦዎቿ ደህና ናቸው። ቁጥሩ እየቆጠረ ሞተሩ ግን ሲታዘዝ አልዞር ካለ ነጩን ወይም ጥቁሩን ጠርጥሩ። ሞተሩ እየዞረ ቁጥሩ ካልተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ከቀሪዎቹ አራት በአንዱ ላይ ነው። አንዳንዴም ብሪኩ ሞተር መሰካቱን ጭራሽ አያውቅም።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በዚህ ገመድ ውስጥ ቀዩ ሽቦ ፖዘቲቭ አይደለም። ቀዩ ግራውንድ ነው፣ ማለትም መመለሻው፤ አምስት ቮልቱን የሚሸከመው አረንጓዴው ነው። ሬዲዮ ስንጠግን ያደግን ሰዎች እጃችን ሳናስበው ቀይን ከፖዘቲቭ ጋር ያገናኛል። እኔም በመጀመሪያው ቀን ለትንሽ ተርፌያለሁ። ቀለም አገር የተስማማበት ሕግ አይደለም። እያንዳንዱ ኪት የራሱ ልማድ አለው።

የሚበጠሰው የት ነው?

ፒንሳ የሌለው ሰው ሽቦ እንዴት ይቆርጣል? ያጥፈዋል፣ ይዘረጋዋል፣ ደግሞ ያጥፈዋል። አሥር ጊዜ ሳይሞላ ሽቦው እዚያው እታጠፈበት ላይ ይበጠሳል። መዳብ በታጠፈ ቁጥር ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የሮቦት ገመድ ውስጥ ያለው ሽቦ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ክሮች ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይታጠፋል። ግን እሱም ዕድሜ አለው።

መታጠፉ የሚበረታው ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ነው። ገመዱ ለስላሳ ነው፣ የጫፉ ፕላስቲክ ደረቅ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት አንገቱ ነው የሚጎዳው። ልጆች ገመዱን ሲነቅሉ ፕላስቲኩን ሳይሆን ገመዱን ይዘው ይስባሉ። ሮቦቱን ሳጥን ውስጥ ሲያስገቡ ገመዱን በአንገቱ አጥፈው ክዳኑን ይጫኑታል። በሩጫ ላይ ጥርስ ያለው ጎማ የሚበላውም አለ፤ እሱ ግን በዓይን ስለሚታይ ችግሩ ቀላል ነው።

ሌላው ጉዳት ትንሿ ምላስ ናት። ስንሰካ «ቀጭ» የምትለዋ። እሷ ከተሰበረች ሽቦዎቹ ሁሉ ደህና ቢሆኑም ገመዱ በራሱ ጊዜ ይወልቃል። የኢቪ3 ጫፍ የመስመር ስልክ ጫፍ ይመስላል። ግን የስልኩ ምላስ መሀል ላይ ናት፤ የኢቪ3 ወደ ጎን ዞር ብላለች። ኩባንያው ሆን ብሎ የራሱ ብቻ አድርጎታል። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ልገምት እችላለሁ፣ ግምቴ ግን ደግ አይደለም።

የስልክ ጫፍ ምላስ በምላጭ ቆርጠው የሚሰኩ ልጆች አጋጥመውኛል። ይገባል። ግን አይቆለፍም። በተጨማሪ ብዙው የስልክ ገመድ ሁለት ወይም አራት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ስድስት ሽቦ ያለው ቢገኝም ሌላ ጣጣ አለበት። የስልክ ገመድ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ተገልብጦ ነው፤ በአንዱ ጫፍ አንደኛ የሆነው በሌላው ጫፍ ስድስተኛ ይሆናል። የኢቪ3 ገመድ ቀጥታ ነው፤ አንደኛ ለአንደኛ። ስድስት ሽቦ ሲገለበጥ ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስተኛው ቀዩ ነው፣ አራተኛው አረንጓዴው። ግራውንድና አምስት ቮልት ተቀያየሩ ማለት ነው። ዳሳሽ የሚቃጠለው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ግን መሣሪያ አትፈልጉ

ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ከማንሳታችሁ በፊት መለዋወጥ ይበቃል። ደህና መሆኑን የምታውቁትን ገመድ ውሰዱና ባልሠራው ቦታ ሰኩት። ሠራ? እንግዲያው ጥፋቱ የመጀመሪያው ገመድ ነው። አልሠራም? ገመዱን ተዉትና ሞተሩን ወደ ሌላ ቀዳዳ ቀይሩ። ዋናው ነገር በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ልጆች ሲቸኩሉ ገመዱንም፣ ሞተሩንም፣ ቀዳዳውንም አንድ ላይ ይቀይራሉ። ከዚያ ይሠራና ምን እንደዳነ ማንም አያውቅም። የተበላሸው ገመድ ተመልሶ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቡድን ያስለቅሳል።

ለዚህ መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የተጠረጠረ ገመድ ላይ ወዲያው ቋጠሮ አስሩበት። እኛ ክበብ የተቋጠረ ገመድ ማንም አይሰካም።

«ቲት» የሚለው ድምፅ አያሞኛችሁ

አሁን ወደ ቴስተር። የሽቦ መያያዝ መፈተሻውን፣ ማለትም «ቲት» የሚለውን ምልክት ምረጡ። የጫፉ ወርቃማ ጥርሶች ጠባብ ቦይ ውስጥ ስለተቀበሩ የቴስተሩ ጫፍ ላይገባ ይችላል። እኔ ቀጭን ስፒል አስሬበት ነው የምገባው። አንደኛውን ከአንደኛው፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው እያላችሁ እስከ ስድስተኛው ሂዱ። ከዚያ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት ሞክሩ። አንደኛውና ሁለተኛው አብረው ከጮኹ ውስጥ ለውስጥ ተነካክተዋል፤ ኮንታክት ፈጥረዋል። ይህን ገመድ ብሪኩ ላይ እንዳትሰኩ።

እየፈተሻችሁ አንገቱን ወዝውዙት። ጩኸቱ የሚቆራረጥ ከሆነ የተበጠሰው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። ያቺ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ያመጣችው ገመድ ግን ስድስቱም ሽቦው «ቲት» ብሏል። ወዘወዝኩት፣ አሁንም ይጮኻል። ደህና ነው ብዬ ልመልስላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቴስተሩ ጩኸት ለመጮኽ ብዙ አይፈልግም። ሽቦ ጅረትን ምን ያህል እንደሚያስቸግር የሚለካው በኦም ነው፤ ብዙዎቹ ቴስተሮች ሠላሳ፣ አንዳንዶቹም ሃምሳ ኦም ቢያገኙ እንኳ ይጮኻሉ። ጸጉር የሚያህል አንድ ክር ብቻ ተርፎም «ቲት» ይላል። ስለዚህ ወደ ኦም መለኪያው አዙሩትና ቁጥሩን አንብቡ። በመጀመሪያ ሁለቱን የቴስተር ጫፎች አነካኩና የሚያሳየውን ያዙ። ብዙ ጊዜ ከግማሽ ኦም በታች ነው፤ እሱ የራሱ የቴስተሩ ገመድ ነው፣ ቀንሱለት። ጤነኛ የሆነ ግማሽ ሜትር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የሚያሳየው 0.1 ኦም አካባቢ ነው። ዜሮ በሉት።

የልጅቷ ገመድ ጥቁሩ ሽቦ ላይ ሦስት ኦም አሳየኝ።

ሦስት ኦም ትንሽ ይመስላል። ግን አስሉት። ሞተሩ ጠረጴዛ ላይ ባዶውን ሲዞር የሚጠጣው ጅረት በጣም ትንሽ ነው፤ የአንድ አምፔር አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ያ ጅረት በሦስት ኦም ውስጥ ሲያልፍ የሚጠፋው ቮልት አይታወቅም። ዳገት ሲጀምር ግን ሞተሩ ይጨነቃል፤ አንድ አምፔርና ከዚያም በላይ ይጠይቃል። አንድ አምፔር በሦስት ኦም ሲያልፍ ሦስት ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ኢቪ3 በስድስት ባትሪ ዘጠኝ ቮልት ነው። በሚሞላው ባትሪ ደግሞ 7.4 ብቻ። ከዚያ ላይ ሦስቱ ሲበላ ለሞተሩ ምን ተረፈው? ሮቦቱ ዳገቱ ላይ ቢቆም ምን ይገርማል።

ብጥስ ያለ ገመድ ቅን ነው። አልሠራም ይላችኋል፣ ትጥሉታላችሁ። ግማሽ የሞተው ነው ሰው የሚያሳብደው። ጠዋት ይሠራል፣ ዳኛ ሲመጣ ይቆማል።

ከሁለት ሙት አንድ ሕያው

የኢቪ3 ጫፍ ለብቻው መርካቶ ብትዞሩም በቀላሉ አይገኝም። የተነቀለውን ጫፍ መልሶ መጠቀምም አይቻልም። ወርቃማዎቹ ጥርሶች ሲጫኑ የሽቦውን ፕላስቲክ ወግተው ነው የሚገቡት፤ አንዴ ከነከሱ ነከሱ። ስለዚህ የእኔ ዘዴ ሌላ ነው። ገመድ ሁለት ጫፍ አለው፣ የሚሞተው አንዱ ነው። ሁለት የሞቱ ገመዶችን ወስዳችሁ የታመመውን ጫፍ ከሁለቱም ቆርጣችሁ ጣሉ። ሁለቱን ጤነኛ ግማሾች ግጠሟቸው። አንድ ደህና ገመድ ወጣላችሁ። መሀሉ ላይ ጠባሳ ይኖረዋል፣ ይሠራል ግን። ኪቱ ውስጥ ያሉት 25፣ 35 እና 50 ሳንቲ ሜትር ናቸው። የእናንተ ሠላሳ ምናምን ቢሆን ማንም አይቆጣም።

ገመዱ ቀጥታ ስለሆነ ነጭን ከነጭ፣ ቢጫን ከቢጫ ማገናኘት ይበቃል፤ የትኛውን ጫፍ ከየትኛው እንደቀጠላችሁ ለውጥ አያመጣም። ግን ይህ የዋናው ፋብሪካ ገመድ ከሆነ ነው። አስመስለው የተሠሩት አንዳንዶቹ ቀለማቸው ሌላ ነው። እነሱን ቀለማቸውን ሳታምኑ በቴስተር ቁጠሯቸው።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። 30 ወይም 40 ዋት ካውያ፣ ቀጭን የኤሌክትሮኒክስ እስታኞ (ቀልጦ ሽቦውን የሚያያይዘው)፣ ፒንሳ፣ ሲሞቅ የሚኮማተረው ፕላስቲክ ቱቦ በሁለት መጠን፣ ላይተር። ቱቦው ሲሞቅ ወደ ግማሹ ስለሚወርድ ከሽቦው እምብዛም ያልሰፋ ምረጡ። ሽቦውን ለመላጥ ምላጭ አልወድም። ምላጭ ሳይታወቅ ሁለት ሦስት ክር ይቆርጣል፤ የዛሬው ጥገና የነገው ብጥስ ይሆናል። የጥፍር መቁረጫ ቀስ ብላችሁ ነከስ አድርጉበትና ሳቡት፣ አምስት ስድስት ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ስድስቱን ሽቦ እኩል ቆርጣችሁ አትቀጥሉ። ስድስት እብጠት አንድ ቦታ ይሰበሰብና ቋጠሮ ይሆናል፤ አንዱ መሸፈኛ ቢንሸራተት ከጎረቤቱ ጋር ኮንታክት ነው። እንደ ደረጃ ቁረጧቸው፣ በአምስት በአምስት ሚሊ ሜትር ልዩነት። ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በአንዱ ገመድ ረጅሙ ነጭ ከሆነ በሌላው ገመድ አጭሩ ነጭ መሆን አለበት። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ብትቆርጡ ነጮቹ ተርፈው ይንጠለጠላሉ፣ ሰማያዊዎቹ አይደራረሱም። እኔ የመጀመሪያውን እንደዚያ አበላሽቻለሁ፣ ከሃያ ዓመት ልምድ ጋር።

ቱቦውን ከመበየዳችሁ በፊት አስገቡት። ትልቁን በገመዱ ሙሉ፣ ትንንሾቹን በየሽቦው፣ ከሙቀቱ ራቅ አድርጋችሁ። ይህን የማይረሳ ጠጋኝ የለም። በይዳችሁ ጨርሳችሁ ቱቦው ጠረጴዛው ላይ ሲያያችሁ ታገኙታላችሁ።

ሁለቱን የተላጡ ጫፎች ትይዩ አድርጋችሁ ጠምዝዟቸው። ካውያውን ሽቦው ላይ አሳርፉ፤ እስታኞውን ግን ካውያው ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ ንኩት። ሽቦው ከሞቀ እስታኞው ራሱ ይጠጣል። ሁለት ሦስት ሰከንድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ ከቆያችሁ የሽቦው ፕላስቲክ ይሸሻል። ቆርቆሮ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን አሲድ ለዚህ ሥራ አታምጡት። እስታኞውን ያስይዛል፣ ግን ቀጭኑን መዳብ ቀስ በቀስ ይበላዋል። የኤሌክትሮኒክስ እስታኞ የሚያስይዘው ሙጫ ውስጡ ስላለ ሌላ አይፈልግም።

ስለ ጤና አንድ ነገር። ገበያ ላይ ያለው እስታኞ ብዙው እርሳስ የሚባለው ብረት አለበት። የሚጨሰው ጭስ ሙጫው ነው፤ አስም ያለበትን ያስቸግራል፣ መስኮት ክፈቱ። እርሳሱ የሚገባው በጭሱ ሳይሆን በእጅ ነው። እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። በይዳችሁ ሳትታጠቡ ምሳ እንዳትቀርቡ። ትንንሽ ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ካውያ አይነኩም።

የኤሌክትሪክ ፕላስተር ብቻ ጠምጥሞ መተውስ? ለአንድ ከሰዓት ይሆናል። ሙጫው ይላላል፣ የተጠመዘዘው መዳብ አየር እየነካው ይጠቁራል፣ ከወር በኋላ ያ የሦስት ኦም ታሪክ ይጀምራል። ካርቶኑ ውስጥ ካገኘኋቸው ግማሽ ሙታን በርከት ያሉት በፕላስተር «የዳኑ» ነበሩ።

ብየዳውም ቢሆን አንድ ጉድለት አለበት። እስታኞው በክሮቹ መሀል ሠርጎ ሽቦውን ደረቅ ያደርገዋል። ደረቁና ለስላሳው የሚገናኙበት አዲስ አንገት ሆነ ማለት ነው፤ በኋላ የሚበጠሰውም እዚያ ነው። ስለዚህ ጠባሳው የሚታጠፍበት ቦታ አይሁን። ከሮቦቱ ቀጥ ያለ አካል ጋር በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት።

ሌላ ኪት ላላችሁ

ኤምቦት የሚባለውን ሮቦት የምትጠቀሙ ዕድለኞች ናችሁ። ጫፉ ስድስት ጥርስ ያለው ተራ ጫፍ ነው፣ ምላሱም መሀል ላይ። የኢንተርኔት ኬብል የሚሠሩ ልጆች የያዙት መጭመቂያ ብዙ ጊዜ ለዚህም ቀዳዳ አለው። አሮጌውን ቆርጦ አዲስ መጫን የደቂቃ ሥራ ነው። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ሁለቱን ጫፎች ጎን ለጎን ይዛችሁ የቀለማቱን ቅደም ተከተል በስልክ ፎቶ አንሱ። አዲሱን ያንኑ አስመስሉ፣ ከራሳችሁ አትጨምሩ።

አርዱዪኖ የሚባለው ፕሮግራም የሚጫንበት ትንሽ ቦርድ ላይ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ቀጫጭኖቹ መዝለያ ሽቦዎች ርካሽ ስለሆኑ መጠገን ብዙም አያዋጣም። ሴቴው ጫፍ ሲላላ ውስጡ ያለችውን ብረት በስፒል ጠበብ ማድረግ ይቻላል። ካልሆነ ጣሉት። ሲበየድ አልይዝ የሚል ካለ ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው ውስጡ ብረት አለ፣ መዳብ ነው ብለው የሸጡላችሁ አይደለም።

ሰርቮ ሞተር፣ ማለትም እስከታዘዘበት ድረስ ብቻ ዞሮ የሚቆመው፣ ሦስት ሽቦ አለው፤ በትንንሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ቡናማው ግራውንድ፣ ቀዩ አምስት ቮልት፣ ብርቱካናማው ትእዛዝ ነው። ኃይሉ መሀል ላይ መሆኑ ብልሃት ነው። ገልብጣችሁ ብትሰኩት እንኳ ቀዩ ቦታውን አይለቅም።

የዩኤስቢ ገመድ ነገር ደግሞ አንዴ ራሴን አሞኝቶኛል። አርዱዪኖው መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ቦርዱ ተቃጠለ ብለን ልንጥለው ነበር። ገመዱን ቆርጬ ሳየው ውስጡ ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያለው። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ነው፤ ሻጩ ግን «ዳታም ያስተላልፋል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ትክክለኛው አራት ሽቦ አለው፦ ቀይ አምስት ቮልት፣ ጥቁር ግራውንድ፣ አረንጓዴና ነጭ ለመረጃ። እዚህ ቀይ ወደ ልማዱ ተመልሷል፣ ልብ በሉ።

ከኢቪ3 በኋላ የወጣው የሌጎ ኪት ስፓይክ ፕራይም ገመዱ ከሞተሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ገመዱ ሲበጠስ ሞተሩ ሙሉ ነው የሚበላሸው። በእኔ አስተያየት ለትምህርት ቤት የማይመች ውሳኔ ነው። ሽቦው መሀል ላይ ከተቆረጠ ከላይ በነገርኳችሁ መንገድ መቀጠል ይቻላል። አንገቱ ላይ ከሆነ ግን የሞተሩን ገላ መክፈት ይጠይቃል፤ እሱን ለልጆች አልመክርም።

የማልነካቸውም አሉ። ግድግዳ ላይ የሚሰካ ቻርጀር ገመድ 220 ቮልት ነው፤ የክበብ ጠረጴዛ ላይ አይጠገንም። ያበጠ የሊትየም ባትሪ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ገመዱን አልቀጥልም፣ ባትሪውን ነው የማስወግደው። ጫፉ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ገመድም እንደዚያው፤ ያቀለጠውን ምክንያት ሳታገኙ አዲስ ብትሰኩ እሱም ይቀልጣል። ለውድድር የምትሄዱ ደግሞ ደንቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የተቆረጠና የተቀጠለ ገመድ የማይቀበሉ ውድድሮች አሉ። ለልምምድ ጠባሳ ያለውን ተጠቀሙ፣ ድፍኑን ለውድድሩ ቀን አስቀምጡ።

የልጅቷን ገመድ አብረን ነው የሠራነው። ደረጃውን እሷ ቆረጠች፤ ነጩን በአንዱ ረጅም በሌላው አጭር አድርጋ፣ እኔ ሳልነግራት። እኔ በየድኩ። መሀል ላይ መብራት ጠፋና ሻይ ጠጣን፤ ሲመጣ ጨረስን። ቴስተሩ ስድስቱም ላይ ዜሮ አካባቢ አሳየ። እሷ ግን ቁጥሩ አልበቃትም። «ጋሼ፣ ይዤው ላዙረው» አለች። ሞተሩን አስነሳነው፣ ጎማውን በመዳፏ ጭብጥ አድርጋ ከለከለችው፣ እኔ ጠባሳውንና ሁለቱን አንገቶች እየወዘወዝኩ ቆየሁ። ሞተሩ እየታገለ ጮኸ እንጂ አልተቆራረጠም። ለቀቀችውና ዳገቷን ልትፈልግ ሄደች። ዳገቷ የተማሪ ዴስክ ክዳን ናት፣ ሁለት መጽሐፍ ከሥሯ የተደረገላት። ሦስተኛ መጽሐፍ ስትጨምር አየኋት።